ሁሉ ሲሟላ እንሄዳለን

ከዋሽንግተን ወደ ምሥራቅ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ፣ አናፖሊስ ይገባል። የሜሪላንድ ዋና ከተማ ናት፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ እዚያ ነው፤ በየኦክቶበሩም ስመ ጥር የጀልባ ትርኢት ይደረግባታል። የከተማዋን ጠባይ ማወቅ የፈለገ ሰው ግን አካዳሚውንም ትርኢቱንም ትቶ ወደ አንዱ የጀልባ ጋራዥ ጎራ ይበል። ከውሃ ወጥተው፣ በብረት እግር ተደግፈው በቆሙት ጀልባዎች ሥር አንድ ለየት ያለ ሕዝብ ያገኛል። ልብሱ ቀለም የጠጣ፣ ጥፍሩ ግራሶ የያዘ፣ ኪሱ በደረሰኝ ያበጠ ሕዝብ ነው። ወዴት ልትሄዱ ነው ሲባል ባሃማስ ይላል፤ ካሪቢያን ይላል፤ አንድ ሁለት ብርጭቆ ከቀማመሰ ደግሞ ዓለምን ልንዞር ነው ይላል። መቼ ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ ሁሉ ሲሟላ።

እኔ የምሠራው ከነዚህ ጋራዦች በአንዱ ነው። የጀልባ ሆድ እፍቃለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። ሥራውን ለሀገር ቤት ሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። እናቴ ደውላ "ምን እየሠራህ ነው?" ስትለኝ "ጀልባ እየፋቅኩ" እላታለሁ፤ ትንሽ ዝም ትልና "መኪናውን ተውከው እንዴ?" ትለኛለች። በእሷ ቤት መኪና መንዳት የታወቀ ሥራ ነው፤ ጀልባ መፋቅ ግን የሆነ ነገር ደብቄያት መሆን አለበት። አንድ ቀን ባለ ጀልባዎቹ ቤታቸውን ሸጠው ውሃ ላይ የሚኖሩ ጡረተኞች እንደሆኑ ነገርኳት። "ልጆቻቸው የት ሄደው ነው?" አለች። ልጆቻቸው ደህና ናቸው፣ እነሱ ወደው ነው አልኳት። "ወደው? ታዲያ ጠበል የሚወስዳቸው ዘመድ የላቸውም?"

የሚሄዱትና የማይሄዱት የሚለዩት በገንዘብ ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። አንደኛው ዓይነት ሰው ሲያሟላ ይኖራል። ራዳር ይገዛል፤ ራዳሩ የሚሰቀልበት ዘንግ ይገዛል፤ ሽቦው ሲዘረጋ ባትሪው አነሰ ይባላል፤ ባትሪ ሲጨምር ጀልባው ወደ አንድ ጎን ያዘምማል፤ እሱን ሲያቃና የገዛው ራዳር ያረጅና አዲስ ሞዴል ይወጣል። ይኼኔ ትርኢቱም ይደርሳል፤ አዲሱን ሞዴል ሊያይ ይሄዳል። ሁለተኛው ዓይነት ጀልባው ምን ሲሆን እንደሚሰምጥ፣ ምን ሲሆን ደግሞ ባለቤቱን እንደሚያናድድ ለይቶ ያውቃል። የሚያሰምጠውን ይጠግናል፤ የሚያናድደውን ይዞት ይሄዳል። ዘንድሮ እጄ ላይ የገቡት ባልና ሚስት ከሁለተኛው ወገን ናቸው። እሱ ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሰው ነው፣ እሷ ነርስ ነበረች። ጀልባቸው በ1980ዎቹ የተሠራች ባለ ሸራ ፋይበርግላስ ናት። ራዳር የላትም።

ጀልባ ቀዳዳ አለው። አረጀ ብዬ አይደለም፤ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ሆን ተብሎ፣ ከውሃው መስመር በታች ተበስቶ ነው የሚመጣው። አንዱ ቀዳዳ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስብበት ነው፤ አንዱ ለሽንት ቤቱ፣ አንዱ ለዕቃ ማጠቢያው ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ የነሐስ ቫልቭ አለ፤ ቫልቩ ላይ የጎማ ቱቦ አለ፤ ቱቦውን የያዘች የብረት ማሰሪያ አለች። ሰው ማዕበል ይፈራል፣ ዓሣ ነባሪ ይፈራል፣ የባሕር ወንበዴ ይፈራል። ጀልባ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰምጠው ወደብ ላይ እንደታሰረ፣ ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ፣ በዚያች ጥቂት ዶላር በምታወጣ ማሰሪያ ምክንያት ነው። 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ከውሃው መስመር 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢከፈት በደቂቃ ከ200 ሊትር በላይ ያስገባል። ቢጫዋን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቡ፤ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ትሞላለች። ቦቴ ጠብቆ ውሃ የቀዳ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ቀድሞ የሚሰማው ፍርሃት ሳይሆን ምቀኝነት ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ጫፉ ሾጠጥ ያለ ለስላሳ የእንጨት ውታፍ ይገዛል፤ ከየቫልቩ አጠገብ በሲባጎ ይታሰራል፤ ቱቦው ሲወልቅ ውታፉን መትቶ መክተት ነው። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ራሱን ያጠብቃል። ባልና ሚስቱ ከዚህ ላይ አንድ ጨዋታ ፈጥረዋል። እሷ ዓይኗን በሻርፕ ታስራ ትወርዳለች፤ እሱ ሰዓት ይዞ የቫልቭ ስም ይጠራል። "ሞተር!" ሲላት ደረጃውን በእጇ ዳብሳ፣ ክዳኑን አንስታ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ቫልቩን ትዘጋለች፤ ውታፉን ይዛ ታሳያለች። ከዚያ ሻርፑ ወደ እሱ ይዞራል። እሱ አንዴ ግንባሩን ከጠረጴዛው ጋር አጋጭቶ ሲሳደብ ታች ቆሜ ሰምቻለሁ። ከአንደኛው ወገን የሆነው ባለ ራዳር ጎረቤታቸው ደግሞ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ በሐዘኔታ ያያቸዋል።

የኔ ክፍል ቀለሙ ነው። የጀልባን ሆድ እንዲሁ ከተዉት አረንጓዴው አተላና ቀንድ አውጣ መሳዩ ሁሉ ይሰፍርበታል፤ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ነዳጁ ይበላል። ስለዚህ መዳብ ያለበት ቀለም እንቀባዋለን፤ መዳቡን ተባዩ አይወደውም። ደህናው ቀለም ጋሎኑ ከ200 ዶላር ይበልጣል። የሚፋቀው አሮጌ ቀለም አቧራው መርዝ ስለሆነ ከጫማ እስከ ራስ ተሸፍነን፣ ጭምብል አጥልቀን ነው የምንሠራው። በኦገስት ሙቀት እዚያ ልብስ ውስጥ የገባ ሰው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት አያሻውም።

ከጀልባው ሆድ ሥር ግን አንድ የማይቀባ ነገር አለ። ዚንክ ትባላለች፤ ከፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ በቡሎን የምትታሰር ድቡልቡል ብረት ናት። የተለያዩ ብረቶች ተያይዘው ጨው ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ በመሃላቸው ኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ደካማው ብረት ይበላል፣ ብርቱው ይተርፋል። ዚንክ የምትታሰረው እንግዲህ ለመበላት ነው። እሷ እየሟሟች ፕሮፔለሩ፣ ዘንጉ፣ ቫልቩ በደህና ይኖራሉ። ጨዉ እንደ ቼሳፒክ ለዘብ ባለበት ውሃ አሉሚኒየሙ ይሻላል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ግማሽ ስትሆን ትቀየራለች። ይህን መጀመሪያ ሲያስረዱኝ ውጭ አገር ያለ የሀበሻ የበኩር ልጅ ነው የመጣብኝ፤ ልዩነቱ ዚንኳ በየዓመቱ በአዲስ መተካቷ ነው። አዲስ ሠራተኛ አምሮለት ቀለም ከቀባት ሥራዋን ታቆማለች፤ ብረቱ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ብሩሽ ሳንሰጠው በፊት ዚንኳን በጣታችን እናሳየዋለን።

ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ ባለ ጀልባዎቹ ተሰብስበው ቢራ ይከፍታሉ፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ ጆሹዋ ስሎከም ላይ ይወድቃል። ዓለምን ብቻውን በጀልባ ለመዞር የመጀመሪያው ሰው ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ፌርሄቨን ከምትባል ከተማ፣ ሜዳ ላይ ተሸፍና የበሰበሰች አሮጌ ጀልባ ሰጡት። ዛፍ ቆርጦ፣ ጣውላ አጉብጦ፣ በ13 ወር እንደ አዲስ ሠራት፤ ለዕቃው ያወጣው 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ብቻ ነበር። በ1895 ከቦስተን ተነሳ፣ በ1898 ዞሮ ገባ። ባሕር ላይ ያለበትን ቦታ የሚያሰላበት የቆርቆሮ ሰዓት ነበረው፤ ዋጋው አንድ ዶላር ተኩል ሲሆን ፊቱ የተሰነጠቀ ስለሆነ በአንድ ዶላር ነው የወሰደው። ኋላ ሲለግምበት ውሃ ውስጥ ቀቅሎት እንደገና ሠራለት። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ሌሊት ሌባ እንዳይወጣበት የምንጣፍ ምስማር ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ወለሉ ላይ በትኖ ይተኛ ነበር፤ በባዶ እግሩ የመጣው ሁሉ እየጮኸ ተመለሰ። ዋና አይችልም።

ይኼ ታሪክ ሲወራ ሁሉም ሰው ፊቱ ይበራል። በተለይ 553 ዶላሩ ላይ ሲደርሱ በየኪሳቸው ያለውን ደረሰኝ ይነካካሉ። ያው ስሎከም በ1909 በዚያችው ጀልባ ወጥቶ የውሃ ሽታ ሆኖ መቅረቱን ግን በጥድፊያ ነው የሚያልፉት።

ባልና ሚስቱን ከጋሼ ጋር ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ጋሼ የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቴ ናቸው፤ በጃንሆይ ጊዜ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግለዋል። የሠሩባት መርከብ "ኢትዮጵያ" ትባል ነበር። እሷም ስደት ታውቃለች፤ አሜሪካኖቹ "ኦርካ" ብለው ሲገለገሉባት ቆይተው በ1962 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ለኢትዮጵያ ሰጧት፤ መጨረሻዋ የመን ሆነና በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጋሼ ይህን ሲያወሩ የሰው ለቅሶ የደረሱ ነው የሚመስሉት። በመኪና ሳመጣቸው ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጫማቸውን አስጠርገው መጡ።

"ጋሼ፣ ባሕር ኃይል እያሉ ሥራዎ ምን ነበር?" አልኳቸው መንገድ ላይ።

"ቀለም መፋቅ።"

"እንዴት?"

"ስማ ልጄ፣ ባሕር ኃይል ሲባል ሰው መድፍ ይመስለዋል። እኛ ጠዋት እንፍቃለን፣ ከሰዓት እንቀባለን፤ በነጋታው ጨዉ በልቶት ይጠብቀናል። በዓመት አንዴ ጃንሆይ ሲመጡ መድፍ እንተኩሳለን። ታዲያ አንተ ያንኑ ሥራ ልትሠራ ነው ባሕር ተሻግረህ የመጣኸው?"

ጀልባዋ ላይ ሲወጡ ጫማቸውን አወለቁ። ባልየው የባሕር ካርታ የሚያይበትን ስክሪን ሊያሳያቸው ቢል እሺ እሺ ብለው አለፉት። ቀጥ ብለው ወርደው የወለሉን ክዳን አነሱ፤ ጣታቸውን ከታች ያቆረው ውሃ ውስጥ ነክረው አሸተቱ፤ ቀመሱም። "ጨው የለውም" አሉ። ጨው ከሌለው የዝናብ ወይም የመጠጥ ውሃው ነው፤ ጨው ካለው ባሕሩ እየገባ ነው ማለት ነው። ከዚያ ምሰሶውን የወጠሩትን የብረት ገመዶች በየተራ ያዩ ጀመር። ሚስትዬዋን ጥጥ አላት ወይ ብለው ጠየቋት፤ ነርስ ቤት ጥጥ አይጠፋም። ጥጡን በብረቱ ገመድ ላይ ከታች ወደ ላይ ሲያንሸራትቱ አንድ ቦታ ላይ ነጭ ክር ተይዞ ቀረ። ዓይን የማያየው አንድ የሽቦ ዘሃ ተበጥሷል ማለት ነው። ዛሬ አንድ ዘሃ፣ ነገ ገመዱ፣ ከነገ ወዲያ ምሰሶው። ባልየው ዘንድሮ ሊያልፈው የነበረውን የገመድ ቅየራ በዚያው ዕለት ደውሎ አዘዘ። የብረት ገመዱ ሥራ ከብዙ ራዳር ይበልጥ ነበር ዋጋው፤ ግን የሚያሰምጠው ወገን ውስጥ ነው።

ጋሼ ሊወርዱ ሲሉ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። "ሌሊት አንዳችሁ ብትወድቁ ማን ያያል?"

ይኼ የሁለት ሰው ጀልባ ትልቁ ጣጣ ነው። ሰው ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ሕጉ አንድ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል በጣቱ እየጠቆመ ይቁም ይላል፤ ምክንያቱም ከማዕበል መሃል ብቅ ያለች ጭንቅላት አንዴ ከዓይን ከጠፋች መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። ሁለት ሆነው አንዱ ከወደቀ ግን የቀረው ሰው መጠቆም አለበት፣ ጀልባውን ማዞር አለበት፣ ሸራ ማውረድ አለበት፣ በሬዲዮ በቻናል 16 መጥራት አለበት። እጁ ሁለት ነው። ስለዚህ መፍትሔው አለመውደቅ ነው። ከኋላ እስከ ፊት በወለሉ ላይ ጠንካራ ጠፍር ይዘረጋል፤ ሰውየው በአጭር ገመድ ራሱን እዚያ ላይ ያስራል፣ ሲሄድም አብሮት ይሄዳል። ሚስትዬዋ የራሷን ሕግ ጨምራበታለች፤ ሌሊት ማንም ሰው ሌላውን ሳይቀሰቅስ ከመቀመጫው ወደ ፊት አይሄድም። ሽንትም ቢሆን። በተለይ ሽንት፤ ከጀልባ ጠርዝ ላይ ቆመው ሲሸኑ የወደቁ ወንዶች ወሬ በየወደቡ አይጠፋም፤ ባልየው ይህ ሕግ ሲነበብለት ወደ ሰማይ ነው የሚያየው።

የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ራሱን የቻለ ፍጡር ነው። የዛሬዎቹ ቀጭን ናቸው፤ ውስጣቸው የታመቀ ጋዝ ያለባት ትንሽ ጠርሙስ አለች፣ ብዙውን ጊዜ 33 ግራም። ውሃ ሲነካው የሚሟሟ እንክብል አለ፤ እሱ ሲሟሟ መርፌው ይፈተለክና ጠርሙሷን ይበሳታል፤ ጃኬቱም በቅጽበት ያብጣል። ሁለት ዓመል አለው። ጠርሙሷ ከጀልባው ንዝረት የተነሳ ቀስ በቀስ ትላላለች፤ ላልታ የቆየች እንደሆነ በሚያስፈልግበት ቀን አንገት ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ በየጊዜው በእጅ ማጥበቅ ነው። እንክብሉ ደግሞ እርጥበት አይችልም። አንድ ደንበኛችን ጃኬቱን እርጥብ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅሎት እኩለ ሌሊት ላይ ፎሽ ብሎ ሲነፋና በሩን ሲከፍተው፣ ሌባ ነው ብሎ መዶሻ ይዞ ተነስቷል። ሚስቱ መብራት ባታበራ ኖሮ ነፍሱን ለማዳን የገዛውን ጃኬት ገድሎት ነበር።

እነዚህ የደኅንነት ዕቃዎች ሁሉ ቀን አላቸው። ቀይ የእርዳታ ርችት አሜሪካ ውስጥ ከተሠራበት ወር ጀምሮ 42 ወር ነው። አንዴ ብቻ የሚያገለግለው የእሳት ማጥፊያ 12 ዓመት ከሞላው አይቆጠርም። ታጥፎ በሣጥን የሚቀመጠው የነፍስ አድን ጀልባ በየጊዜው ወደ ባለሙያ ሄዶ ተነፍቶ፣ ታይቶ፣ እንደገና መታጠፍ አለበት። ሚስትዬዋ ቀኖቹን ሁሉ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋለች። ከሁሉ አስቸጋሪው ጊዜው ያለፈበት ርችት ነው፤ ችግር ሳይደርስ መተኮስ ወንጀል ነው፣ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ክልክል ነው፣ የሚረከብ መሥሪያ ቤት በቀላሉ አይገኝም። በየጀልባው አንድ አንድ ሣጥን የሞተ ርችት ተቀምጦ ይኖራል፤ ባለቤቱ ሲሞት ለልጆቹ ይተላለፋል መሰለኝ።

በኔ አስተያየት ገንዘብ የሚገባው አንድ መሣሪያ አለ፤ በሳተላይት የድረሱልኝ ጥሪ የሚልከው ቢጫ ሬዲዮ። በ406 ሜጋኸርዝ ይጮሃል፤ አንዳንዱን ዓይነት ጀልባው ቢሰምጥ እንኳ ጥቂት ሜትር ከጠለቀ በኋላ የውሃው ግፊት ማሰሪያውን በጥሶ ወደ ላይ ይለቀዋል። ጥሪውን የሚሰበስበው የሳተላይት ማኅበር ኮስፓስ-ሳርሳት ይባላል፤ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይና ሶቭየት ኅብረት ያቋቋሙት ነው፤ የመጀመሪያው ነፍስ የተረፈው በ1982 ነው፤ ሁለቱ ኃያላን በሚሳይል እየተፈራሩ በዚህ በኩል የሰጠመ ሰው አብረው ይፈልጉ ነበር። አንድ ግዴታ ግን አለው። ባለቤቱ መሣሪያውን ማስመዝገብ፣ የሚደወልለት ዘመድም ማስመዝገብ አለበት፤ በየሁለት ዓመቱም ማደስ። አብዛኛው ጥሪ የሐሰት ስለሆነ የነፍስ አድን ቢሮው ሲጮህበት ለተመዘገበው ዘመድ ደውሎ "ሰዎቹ በእውነት ባሕር ላይ ናቸው?" ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ሳነብ ደንግጬ ቁጭ አልኩ። እኔ ባለ ጀልባ ብሆን የማስመዘግበው እህቴን ነው። እህቴ የማታውቀው ቁጥር አታነሳም። የማውቀው ሀበሻ ሁሉ የማያውቀው ቁጥር አያነሳም። አትላንቲክ መሃል ላይ እየጮህኩ፣ የኮስት ጋርዱ መኮንን በሦስተኛው ጥሪ መልእክት ሲተው፣ እህቴ "እነዚህ የመኪና ኢንሹራንሶች ደግሞ አያሳርፉኝም" ብላ ቁጥሩን ስትዘጋው ታየኝ። ለባልየው ስነግረው ስቆ ስቆ ሲያበቃ ሄዶ የልጁን ስልክ ሞከረ። አላነሳም።

ሬዲዮ አያስፈልግም ያሉ ሰዎች ነበሩ። ሞሪስ እና ማራሊን ቤይሊ የሚባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ቤታቸውን ሸጠው "ኦራሊን" የተባለች ጀልባ ገዙ፤ ከዓለም ሁካታ ነፃ እንሁን ብለው መልእክት መላኪያ ሬዲዮ ሳይዙ ወጡ። በ1973 ማርች መጀመሪያ፣ ፓስፊክ ላይ፣ አንድ ዓሣ ነባሪ መታቸው። ጀልባዋ ሰጠመች፤ እነሱ በምትነፋ የነፍስ አድን ጀልባና በትንሽ የጎማ ታንኳ ቀሩ። 117 ቀን ተንሳፈፉ። ማራሊን ዋና አትችልም፤ ግን መርፌ ቁልፍ አጉብጣ መንጠቆ ሠራች፣ ዓሣ አጠመደች፣ ኤሊ በላች። ሰባት መርከቦች ሳያዩአቸው አለፉ። ስምንተኛው፣ የኮሪያ ዓሣ አጥማጅ መርከብ፣ ዞሮ መጣ። አገር ጉድ አለ፤ እነሱም አገገሙና ሁለተኛዋን "ኦራሊን" አሠርተው እንደገና ወጡ። እናቴ ይህን ብትሰማ ጠበሉን በጀሪካን ነበር የምትልክላቸው። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ዓሣ ነባሪው አይደለም የሚገርመኝ፤ ሰባቱ መርከቦች ናቸው። የንግድ መርከብ መንጃ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ድንቡሎ የምታህል የጎማ ጀልባ አያይም። ማየት ለማይችል ሰው በሬዲዮ መጮህ ነው ያለው ዘዴ።

አሁን ወደ ሽንት ቤቱ። ባለ ጀልባ ሁሉ ስለ ማዕበል ሊያወራችሁ ይፈልጋል፤ ትንሽ ታገሱትና ስለ ሽንት ቤቱ ያወራችኋል፤ የኖረውን የሚነግራችሁ ያኔ ነው። በእጅ ፓምፕ የሚሠራ ነው፤ ባሕር ውሃ ይስባል፣ ያለውን ይገፋል። የባሕር ውሃና ሽንት ሲገናኙ ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ቀስ በቀስ ቱቦው ይጠብባል። ማታ ማታ ኮምጣጤ ማፍሰስ ይረዳል። ከመውጫው ላይ ደግሞ የሄደው ተመልሶ እንዳይመጣ የምትከለክል ለስላሳ የጎማ ቫልቭ አለች፤ እሷ ስታረጅ የሄደው ይመለሳል። ይኼ ጀልባ አያሰምጥም። ትዳር ግን ሊያሰምጥ ይችላል፤ ባልየው የቫልቭ መለዋወጫ በርከት አድርጎ የገዛው ለዚህ ነው። ሌሎቹን መለዋወጫዎችም በየሣጥኑ ከፋፍሎ አስቀምጧል፤ ውሃ መሳቢያው ፓምፕ ውስጥ የምትሽከረከረው ጎማ፣ ቺንጊያ፣ የናፍጣ ፊልትሮ። ናፍጣ ውስጥ ውሃ ከገባ ተሐዋሲ ይበቅልበታል፤ ጥቁር ንፍጥ ይሆንና ፊልትሮውን ይዘጋዋል፤ የሚዘጋውም ማዕበል ታንኩን ሲያናውጠው፣ ሞተሩ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ስንቁ ላይ እኔም አስተዋጽኦ አድርጌያለሁ። ሚስትዬዋ ያለ ፍሪጅ የሚቆይ ምግብ ስትፈልግ ከርማ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ስትደረድር አየሁና አዘንኩ። ባሕር የሌለን ሕዝብ ነን እንጂ ስንቅስ እናውቃለን። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ሱቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ገዝቼ መጣሁ። እሳት የማይፈልግ፣ የማይበላሽ፣ በአንድ እጅ መሪ ይዘው በሌላው የሚቆረጥም። ባልየው ዳቦ ቆሎዋን አፉ ውስጥ ጨምሮ አኘከ፣ አኘከ፣ "ይኼ መቼ ነው ጊዜው የሚያልፍበት?" ብሎ ፌስታሉን ገልብጦ ቀን ፈለገ። ቀን የለውም አልኩት። ፍሪጁ ላይ ካለው ዝርዝር ውስጥ ቀን ሳይጻፍለት የገባው እሱ ብቻ ነው።

ኢንሹራንሳቸው የአውሎ ነፋሱ ወራት ሳያልፍ ወደ ደቡብ እንዳይወርዱ ስለሚከለክል ኖቬምበር እስኪገባ ጠበቁ። የመነሻቸው ዕለት ዝርዝሩ ላይ ያልተሠራ ገና ብዙ ነበር፤ የካቢኔ በር አይዘጋም፣ አንዱ መስኮት ያንጠባጥባል፣ ትራሱ አልተሰፋም። ባለ ራዳሩ ጎረቤት ዝርዝሩን አንብቦ "እንዲህ ሆናችሁ ልትሄዱ?" አላቸው። ሚስትዬዋ እስክርቢቶ ተቀብላው ትራሱን ሰረዘች፤ "ያለ ትራስ እንተኛለን" አለች፤ ገመዱን ፈቱ። ከቼሳፒክ ወርደው ኖርፎክ ሲደርሱ ወደ ደቡብ የሚወስደው የውስጥ ውሃ መንገድ ዜሮ ማይል ተብሎ ይጀምራል፤ ማያሚ ድረስ ከ1,000 ማይል ይበልጣል። አብዛኞቹ ቋሚ ድልድዮች ቁመታቸው 65 ጫማ ነው፤ የእነሱ ምሰሶ ከዚያ ያጥራል፤ ቢሆንም በመጀመሪያው ድልድይ ሥር ሲያልፉ ሁለቱም አንገታቸውን ሰብረው እንደነበር በቪዲዮ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው መልእክት የመጣው ግሬት ብሪጅ ካለው የውሃ መቆለፊያ ነው፤ ገና አሥራ ምናምነኛው ማይል ላይ። ሽንት ቤቱ ተመልሷል ይላል። ባልየው የጎማዋን ቫልቭ በጓንት ይዞ ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል፤ ከበስተጀርባው ሚስትዬዋ ፊቷን አዙራ ዳቦ ቆሎ ትቆረጥማለች። "ከንፈሯ በየት በኩል ይዙር?" ይላል።

"ወደ መውጫው" ብዬ ጻፍኩለት። "ቡሎኑን አታክርረው፤ ፕላስቲክ ነው።"